እያለቀሰ አየር የሚዘጋው መሪ

በቀይ ሽብር ጊዜ አብዮት ጠባቂዎች የያዙኝ፣ ክፍል ውስጥ ስለ ፕላኔቶች ሳስተምር ነው። ጠመኔውን እንኳ እንዳስቀምጥ አልፈቀዱልኝም። ላፍቶ ወዳለው ቀበሌ ወሰዱኝና ከባላባት የተወረሰ የእህል መጋዘን ውስጥ ከተቱኝ። ቤቱ ጭድና የአይጥ ሽንት ይሸታል። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ሽንቁር ነው።

እስረኛው ደንብ ነበረው፤ ከምሳ በኋላ ተረኛ ያወራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ተራዬ ሲደርስ ሰማይ ላይ ያለ ሌላ ዓለም ፈጠርኩ። እዚያ አየር የሚመጣው በቧንቧ ነው፤ መክፈቻውን የያዘው ደግሞ መሪው ነው። ድሮ ሕዝቡን ነፃ ያወጣ ሰው ነበር። አሁን ያጉረመረመ መንደር ሲኖር አየሩን ይዘጋበታል፤ ከዚያ በሬዲዮ «ለእናንተው ስል ነው» እያለ ያለቅሳል።

አጠገቤ የሚተኙ አንድ የላፍቶ ገበሬ ነበሩ፤ ልጅዎ ሸፍቷል ተብለው የታሰሩ ሽማግሌ።

«ከልቡ ነው የሚያለቅሰው?» አሉኝ።

«ከልቡ ነው፣ አባባ።»

«ጅብ ቢሆን አልፈርድበትም፤ ጅብ ምን ያውቃል? እንዲህ እያወቀ የሚያደርገው ነው አንጀቴን የሚያሳርረው። በል መጨረሻውን ሳልሰማ እንዳልሞት።»

ወሬው የቀበሌው ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰ። ያስገደላቸውን ልጆች ስም ስብሰባ ላይ ሲያነብ መሀረብ አውጥቶ ያለቀሰ ሰው ነው። ቢሮው አስጠራኝ።

«መሪው እኔ ነኝ?»

«የኔ ሰውዬ ያለው ሌላ ዓለም ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እርስዎ ያሉት ላፍቶ ነው።»

አልሳቀም። ቅዳሜ ሊፈታኝ አስቦ እንደነበር ነገረኝ። «ነገ መጨረሻውን ስታወራ መጥቼ እሰማለሁ። ሕዝቡ መሪውን ያመሰግናል። ካላመሰገነ ከፍተኛ ትሄዳለህ።» ከፍተኛ ከቀበሌው በላይ ያለው እስር ቤት ነው፤ እዚያ ሄዶ የተመለሰ አላየንም።

ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ምስጋናውን አሳምሬ አዘጋጀሁ።

በማግስቱ በሩ ላይ ዱካ አስደርጎ፣ ሽጉጡን ጭኑ ላይ አኑሮ ተቀመጠ። ወሬዬን ቀጠልኩ፤ የዚያን ዓለም ሕዝብ አደባባይ ሰበሰብኩ። መሪው ማልቀስ ጀመረ። ምስጋናው ምላሴ ላይ ደርሶ ሳለ ሽማግሌውን አየኋቸው፤ አፍ አፌን ያያሉ። አቃተኝ። አንዲት ሴት ከሕዝቡ መሃል አስወጣሁና «እንባህን ጥረግና ቧንቧውን ክፈት» አለችው።



«ከፈተው?» አሉ ሽማግሌው።

ሊቀመንበሩን አየሁት። «ገና አልከፈተም» አልኩ።

ከፍተኛ የወሰዱኝ የዚያኑ ዕለት ነው። ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት አፏን ፈትታ ስታወራ ነው።

ዛሬ ጀሞ፣ እሷው ቤት፣ የልጅ ልጆቼ የሕዋ ፊልም ሲከፍቱ አብሬ አያለሁ። ክፉው እሳት የሚተፋ አውሬ ከሆነ እንቅልፌ ይመጣል። «ለሕዝቤ ስል ነው» የሚል መሪ ከሆነ ግን ማንም ከወንበሬ አያነሳኝም። የወደቀ ጊዜ አጨበጭባለሁ።

«አባዬ፣ ቀስ በል፤ ጎረቤት ይሰማል» ትለኛለች ልጄ።

ይስማ።