ስሜ ከገጹ ግርጌ

ከሪያድ ስመለስ ከልብሴ ሌላ ይዤው የመጣሁት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። የአሠሪዬ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ታጠና ነበርና አዲስ ሲገዛላት አሮጌውን ሰጠችኝ፤ ማስታወሻዋን የምትጽፍበትን ፕሮግራምም አስተማረችኝ። ፕሮግራሙ ጌጥ የለውም። ባዶ ገጽ ላይ ተራ ጽሑፍ ይጻፍበታል፤ መስመር መጀመሪያ ላይ ኮከብ ከተቀመጠ ያ መስመር ርዕስ ይሆናል። ሲፈለግ ደግሞ ጽሑፉን ኤችቲኤምኤል ወደሚባለው፣ ስልክ ወደሚከፍተው ገጽ ይቀይረዋል። ገጹ አንዴ ስልክ ውስጥ ከገባ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ወሎ፣ መካነ ሰላም ከተማ እንደገባሁ አንዲት ሴትዮ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቷ ውስጥ ቀጠረችኝ። ሰዉ ሁሉ አንድ ለአምስት የሚደራጅበት፣ ትልልቅ ስልክ በወጣቱ እጅ መታየት የጀመረበት ጊዜ ነው። ከወግዲና ከዙሪያው ገጠር የሚመጡ ልጃገረዶች ፓስፖርት ኮፒ ለማስደረግ ይገባሉ። "ወዴት ነው?" ስላቸው "ዓረብ አገር" ይላሉ። የትኛው ዓረብ አገር እንደሆነ የማያውቁ ብዙ ነበሩ። የሚያውቀው ደላላው ነው።

አንዷን "እዚያ ብትታመሚ ምን ትያለሽ?" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ እላለኋ!" ብላ ሳቀች።

አብሬያት ሳቅሁ። ከሄደች በኋላ ግን ንዴት ያዘኝ። እኔ "አነ መሪዳ"፣ አሞኛል፣ ማለትን እስክማር ድረስ በትኩሳት እየተንቀጠቀጥኩ ወለል ስወለውል ኖሬአለሁ። ሰላምታውንና ምስጋናውንማ እዚህ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል። የሚጎድለው ሌላው ነው።

መጻፍ ጀመርኩ። የወጥ ቤቱን ቃላት፣ የሕመሙን፣ "ፓስፖርቴ የት ነው?" የሚለውን፣ በየመስመሩ ዓረብኛውን ከነትርጉሙ አሰፈርኩ። መጨረሻ ላይ "ደላላሽን ጠይቂው" የሚል ርዕስ ጨመርኩ፦ አሠሪዬ ማን ነው? ከተማው የት ነው? ስልኩ ስንት ነው? ፓስፖርቴን የሚይዘው ማን ነው?

ወደ ገጽ ስቀይረው ጉድ ሆንኩ። በየመስመሩ የጻፍኩት ሁሉ ተያይዞ አንድ ረጅም አንቀጽ ሆነ፤ ውሃው ከዳቦው፣ ዳቦው ከሕመሙ ተደባለቀ። ይህን ይዛ የሄደች ልጅ ውሃ ስትባል ሐኪም ልትጠራ ነው። የፕሮግራሙን መመሪያ በእንግሊዝኛዬ አቅም ቃል በቃል አነበብኩት። ለካ ከፋይሉ አናት ላይ ትእዛዝ ይጻፋል፤ መስመሮቼን እንዳሉ ጠብቅ አልኩት፣ ጠበቀ። የማውጫውን ርዕስ በእንግሊዝኛ አወጣብኝ፤ ቋንቋው አማርኛ ነው ብለውም አማርኛ አያውቅም። እንግዲያ ያንተ ማውጫ ይቅርብኝ ብዬ አጠፋሁትና በእጄ ጻፍኩ። ከሁሉ የከፋው አንዳንዱ ስልክ ላይ ፊደላችን ባዶ ሳጥን ሆኖ መታየቱ ነው።

የቤቱ ባለቤት አይታ "ተይው ባክሽ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊው" አለችኝ።

"ማንበብ የተማሩት በዚህ ፊደል ነው። ስልኩ ይልመድ እንጂ እነሱ አይቀይሩም" አልኳት።

ብዙ ከታገልኩ በኋላ ፊደሉ ራሱ ከገጹ ጋር ተጠቅሎ እንዲሄድ አደረግሁ። የአንዲት ልጅ ስልክ ላይ ሳጥኖቹ ጠፍተው "ሀ" ብቅ ሲል እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ በኋላ ገጹ በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ሄደ። ወሬው ደላላው ዘንድ ደረሰ። በከተማው የተከበሩ ነጋዴ ናቸው፤ ፎቶኮፒ ቤቱ ገብተው ቆሙ።

"ልጄ፣ እኔ ምን በደልኩሽ? ልጆቹ በጥያቄ አደረቁኝ። ደግሞ ገጹ የጸሐፊ ስም እንኳ የለውም። ደፋር ብትሆኚ ስምሽን ትጽፊ ነበር።"

"አንቱስ ለላኳቸው ልጆች የት ላይ ስምዎን ጽፈው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

ዞር ብለው ወጡ። ፕሮግራሙ ሲፈጠር ጀምሮ የጸሐፊውን ስም ከገጹ ግርጌ ያስቀምጣል፤ የተጻፈው የእኔ ብቻ ሳይሆን የሪያድ ተመላሾች ሁሉ የሚያውቁት ስለሆነ እኔ ነበርኩ ያጠፋሁት። እሳቸው ከበሩ ሳይርቁ ያንን ትእዛዝ ቀየርኩት። ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩና ገጹን እንደገና አወጣሁት።

በሳምንቱ ቀበሌ ተጠራሁ። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ገጹ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

"ሕገወጥ ስደት ታበረታቻለሽ ተብሏል።"

"ማን አለ?"

"የደላላውን ክፍል አውጪው፤ ሌላው ይቆይ" አለ።

"አላወጣውም።"

"እንግዲያው የማሠልጠኛ ፈቃድ አምጪ።"

"ማንንም አላሠለጠንኩም። የደረሰብኝን ጻፍኩ። ለዚህ የማን ፈቃድ ነው የሚያስፈልገኝ?"

"ላፕቶፑን መያዝ እንችላለን" አለ ድምፁን ቀነስ አድርጎ።

"ያዙት። ገጹ ግን ከወግዲ እስከ ደጎሎ በየስልኩ ገብቷል። ስልኩን ሁሉ ትሰበስባላችሁ?"

ኃላፊው ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና "ሂጂ" አለኝ።

የቤቱ ባለቤት ግን ፈራች። "ንግድ ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ልጆች አሉኝ" ብላ እያለቀሰች አሰናበተችኝ። አልተቀየምኳትም። ሚኒባስ መነሻው አጠገብ ካለ ልብስ ሰፊ ቤት ጥግ ተከራይቼ ላፕቶፔን ዘረጋሁ። እዚያማ መንገደኛው ሁሉ አገኘኝ። ደላላው ሳይወዱ በግድ የአሠሪውን ስልክና ከተማ ወረቀት ላይ ጽፈው ለቤተሰብ መስጠት ጀመሩ፤ የማይሰጡ ከሆነ እናቶች ልጃቸውን ይዘው ይመለሱባቸዋል።

አንድ ቀን ከደጎሎ የመጣች፣ ኩዌት ኖራ የተመለሰች ሴት መጣች። ከመቀመጧ በፊት ቆጣ ብላ "የጻፍሽው የሪያዱን ነው። ኩዌት እንዲህ አይባልም፤ ልጆቹ ይሳቅባቸዋል" አለችኝ።

ወንበር ሳብኩላት። እየተከራከርን ገጹ ላይ ለኩዌት አዲስ ርዕስ ከፈትን።