አብሽ የተጠቀለለበት ወረቀት

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ መሠረተ ትምህርት ጨርሼ ፊደል በለየሁ በዓመቱ ነው። አሁን የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ብዙ ነገርም ረስቻለሁ። ያን ቀን ሳስብ ግን ዛሬም አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተኛል።

ታናሽ ወንድሜ ግርማ ወንጂ አገዳ ቆራጭ ነበር። አንድ ጠዋት የመስኖ ቦይ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ያጫት ልጅ ለሌላ ተድራ ስለነበር ሰፈሩ "ራሱን ነው ያጠፋው" አለ። እኛ "አዳልጦት ነው" ብንል ማን ይስማን! የንስሐ አባታችንም ወሬውን ሰምተው "ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም" አሉ። ያለ ጸሎት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀበረ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርታ አታውቅም።

ፖሊስ ምን ብሎ እንደመዘገበው ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ሪፖርቱ ለበላይ አካል ተልኳል፤ ለግለሰብ አይነገርም" አለኝ። ብመላለስም መልሱ ያው ነው።

እኔ ሽንኩርት ነጋዴ ነበርኩ፤ ዛሬ ሞጆ፣ ነገ መልካሳ፣ ከነገ ወዲያ አዳማ። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ደግሞ አመል ወጣብኝ፤ ጽሑፍ ያለበት ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። አንድ ቅዳሜ አዳማ ገበያ ከቅመም ሻጯ ከአዴ ፋጡማ አብሽ ገዛሁ። ያን ጊዜ ቅመም የሚጠቀለለው በኪሎ በሚሸጥ አሮጌ የቢሮ ወረቀት ነው። እዚያው ቆሜ እየተንተባተብኩ ማንበብ ጀመርኩ።

"ወንድ። ሃያ ሦስት ዓመት። አገዳ ቆራጭ። ወንጂ። ቦይ ውስጥ የተገኘ።" ዕድሜው የግርማ ነው፤ ወሩም እሱ የሞተበት ወር ነው።

ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። ከጽሑፉ ጎን ሦስት የተሰመሩ ሳጥኖች አሉ፤ ሦስተኛው ላይ የራይት ምልክት ተደርጓል። የሳጥኖቹ ርእስ ግን ከላይኛው እኩሌታ ጋር ተቀድዶ ሄዷል።

"አዴ፣ የዚህ ወረቀት እኩሌታው የታለ?"

"ሰው አብሽ ይገዛል፣ አንቺ ወረቀት! ምን ሆነሻል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?" ፊቴን ሲያዩ ቀልዱን ተዉት። "ለጋሪ ነጂው ለቱሉ ጠቅልዬለት አሁን ሄደ። ባለ ቀይ ፈረሱ። ሩጪ!"

ሽንኩርቴን ለእሳቸው ጥዬ ሮጥኩ። ኦቦ ቱሉ ጋሪ ማቆሚያው ጋ የሉም፤ ወደ ወንጂ መውጫ ሄዱ አሉኝ። እንደ እብድ በአስፋልቱ ዳር ስሮጥ፣ ፈረሳቸውን ውሃ ሲያጠጡ ደረስኩባቸው።

"ኦቦ ቱሉ፣ አብሹን አልፈልግም፤ ወረቀቱን ብቻ ይስጡኝ።"

"አብሹን በአፌ ልያዘው?"

ሻሼን ፈትቼ ዘረጋሁላቸው።

"የሴት ሻሽ ይዤ ስገባ ሚስቴ ምን ትለኛለች?"

"የእህቴ ነው ይበሏት!" አልኩና እንባዬ መጣ። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አብሹን ሻሼ ላይ ገለበጡት።

ጋሪው ላይ ሁለቱን ቁራጭ ገጠምኩ። ቅዱ ልክ ገባ፤ ከአናቱ የፖሊስ ሪፖርት መሆኑ ተጽፏል። የመጀመሪያው ሳጥን "ራሱን የገደለ" ይላል። ሁለተኛው "በድንገተኛ አደጋ የሞተ"። ሦስተኛው፣ የወንድሜ ምልክት ያለበት፣ "ምክንያቱ ያልታወቀ"።

ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም።

"ምን ይላል?" አሉኝ ኦቦ ቱሉ፤ እሳቸው አያነቡም።

"አላወቅንም ይላል" አልኳቸው።

ፈረሱን አስተካክለው "ጋሪው ላይ ውጪ፣ ላድርስሽ" አሉኝ።

ወረቀቱን ለንስሐ አባታችን ወሰድኩላቸው፤ ሁለቱን ቁራጭ ገጥመው አነበቡ። ሲጨርሱ "መንግሥት መርምሮ ያላወቀውን እኔ ሳልመረምር ፈረድኩ" አሉ። "ነገ እናትሽን ይዘሽ ነይ።" በማግስቱ መቃብሩ ላይ ፍትሐት ተደረገ። የክርስትና ስሙ ሲጠየቅ እናቴ ከሁላችን ቀድማ ተናገረች።

እሷ በሰላም አረፈች። እኔ ግን ወንድሜ ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሌላም አለ። ምልክቱ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን ለቄሱ አላሳይም ነበር፤ ለእናቴም "በአደጋ ነው ይላል" ብዬ አነብላት ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ያላደረግሁት ነገር፣ እንዳደረግሁት ሆኖ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።