ልጁ ቤቱ የገባበት ገጽ

ጎረቤቴ ታንጉት ያለችኝ ትዝ ባለኝ ቁጥር ሆዴን ይዤ እስቃለሁ፤ ዋናው ነገር ግን ኋላ ነው የሚመጣውና ታገሱኝ። እዚሁ ደብረ ታቦር የሰፈሩን ሴቶች ሰብስቤ የመጽሐፍ ማኅበር አቋቋምሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ቤት እንሰበሰባለን፤ እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይከራከራሉ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ፊደሉን እንደ ምስር ነው አንድ በአንድ የምለቅመው።

መጽሐፉ ስለ ዘመተ ልጅ ነው። እትዬ ጥሩነሽ አንድም እሑድ አይቀሩም። የእሳቸውም ልጅ ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው። በየሳምንቱ መጽሐፉን ስገልጥ "ልጁ መጣ?" ይሉኛል።

"ገና ነው እትዬ፤ መንገድ ላይ ነው" እላለሁ።

ባለፈው እሑድ ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ ታችኛው መስመር ላይ ወደቀ። ልጁ ሞቷል። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ጨብጠው አፍ አፌን ያያሉ። ምን ላድርግ? ከራሴ ፈጠርሁ። ልጁን የእብናት መኪና ላይ አሳፍሬ አመጣሁት፤ በእናቱ አንገት ላይ ጠመጠምሁት፤ በግም አሳረድሁለት።

ታንጉት "አንቺ! ዛሬስ ምን ነካሽ? እንደ ውሃ አወረድሽው እኮ!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ላቤ ግን በጀርባዬ ይወርዳል።

ሌሎቹ ሲወጡ እትዬ ጥሩነሽ ቀሩ። ማንበብ የሚችሉ አይመስለኝም ነበር። እጄን ያዙና እንዲህ አሉኝ፦

"የሺዬ፣ ይኸው መጽሐፍ በልጄ ሳጥን ውስጥም አለ፤ ካንቺ በፊት ጨርሼዋለሁ። መጽሐፉ ላይ ልጁ ይሞታል። አሁን ማንም የለምና ያንን የመጣበትን እስቲ አንዴ ድገሚልኝ።"