ቁልቁለት ላይ የምትነሳው መኪና

ጌዴኦን የረገጠ ሰው ያውቀዋል፤ ሜዳ የለንም። ከዲላ ወጥተህ ወደ ይርጋጨፌ ብትል፣ አልፈህ ወደ ገደብ ብትል፣ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ለዚህ ነው የእኛ አገር ሾፌር መኪና ሲያቆም ፊቷን ወደ ቁልቁል አዙሮ የሚያቆመው። በቁልፍ እምቢ ካለች ፍሬኑን ትለቃለህ፣ ትንሽ ስትንደረደር ማርሽ ታስገባለህ፣ በቃ ተነሳች። የአባታችንን አሮጌ የጭነት መኪና ምን እንደሚያማት ሳናውቅ ዓመታት የኖርነውም ለዚሁ ነው። ቁልቁለቱ በሽታዋን ይሸፍንላት ነበር።

አባታችን ሲሞት እናታችን መኪናዋን ለታላቅ ወንድሜ ሰጠችው፣ መሪውን ደግሞ ለእኔ። እሱ ሥራ ይዋዋላል፣ እኔ እነዳለሁ። ከመንዳት ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም።

መኪናዋ ክረምቱን ሙሉ ደህና ነች። አሸዋ ስትጭን፣ እንጨት ስትጭን፣ አንድ ቀን ሞተሯ አይጠፋም። ቀይ እሸት ቡና መጫን ስንጀምር ግን ዛሯ ይነሳል። እየሄደች ድንገት ጭጭ! መብራት የለ፣ ክላክስ የለ፣ አስነሺው ሞተሪኖ እንኳ ቀጭ አይልም። ደግሞ ሳትነካት ትነሳልሃለች። ዲላ ጋራዥ ስንወስዳት መቼም አትጠፋም፤ እሸቱ ወርዶ፣ እሷም ታጥባ ነዋ የምንወስዳት! አንዱ ባትሪ ቀየረ፣ አንዱ ሞተሪኖ ፈታ፣ አንዱ ዲናሞውን ወቀሰ። ጥር ሲገባ በራሷ ትድናለች፣ ሁሉም "እኔ ነኝ ያዳንኳት" ይላል።

ወንድሜ አንዳቸውንም አላመነም። "አንተ ነህ የምታጠፋት" ይለኛል። "ጫካ ውስጥ አቁመህ እሸት ትሸጣለህ፣ ከዚያ ተበላሸች ትላለህ።" እናታችን ፊት፣ ጫኞች ፊት፣ ቸርች ደጃፍ ላይ ሳይቀር ውሸታም ይለኛል። እኔ ደግሞ ቁጣዬ ቅርብ ነው። ሌባ ከምትለኝ ብትመታኝ ይሻለኛል። በኋላ እሱንም አልነፈገኝም።

ያን ቀን ጠዋት ገደብ፣ ባንኮ ጎቲቲ ቀበሌ ሄጄ እሸት ልጭን ስነሳ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ዛሬ ከቆመች ቁልፉን ለሌላ ሾፌር እሰጣለሁ፤ አንተም ከዚህ ቤት ትወጣለህ" አለኝ። እናታችን ሰምታለች።

ጭኜ ወረድኩ። እሸት ቡና የቀኑ በቀኑ መፈልፈያ ካልደረሰ ይሞቃል፣ ይቦካል፤ የገበሬው የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ጆንያዎቹ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል። ግማሹ እሸት የእሳቸው ነው፤ ሲመዘን በዓይኔ ካላየሁ ብለው ነው የተሳፈሩት። ሬዲዮው መዝሙር ይዟል። ከሸለቆው ግርጌ ድልድዩ ላይ ስንደርስ መዝሙሩም ሞተሩም አንድ ላይ ጭጭ አሉ። ከፊት ዳገት፣ ከኋላ ዳገት። አይ የእኔ ነገር! በዚያ ሁሉ አገር ላይ ቁልቁለት ያጣሁት እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው። ቁልፉን ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ምንም። ቁልፉን እንደተከፈተ ትቼ ለወንድሜ ደወልኩለት።

በሞተር ሳይክል መጣ። በወጉ እንኳ አላቆመውም፤ መሬት ላይ ጥሎት ነው ወደ እኔ የሮጠው። "ጋሼ፣ በጌታ ይሁንብህ፣ ቁልፉን አንተው ራስህ ሞክረው" ስለው አፌን በቡጢ አለኝ። የፊት ጥርሴ ምላሴ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ።

"ለማን ነው የሸጥከው? ተናገር!"

"ጆንያውን ቁጠረው!" አልኩት፤ ደሜ ሸሚዙ ላይ ተረጨ። አልቆጠረም። ሆዴን በእርግጫ ሲለኝ አቧራው ላይ ተዘረርኩ፤ እላዬ ላይ ወጥቶ ይቀጠቅጠኝ ጀመር። ሽማግሌው ከጆንያው ላይ መውረድ አቅቷቸው፣ "ኧረ በኢየሱስ ስም! ኧረ የአንድ እናት ልጆች!" እያሉ ይጮሃሉ።

በእኛ ዘንድ በታላቅ ወንድም ላይ እጅ አይነሳም። እኔ ግን እጄ ጎማ ሥር የሸጎጥኩትን የክሪክ ብረት አገኘ፤ ገፍትሬው ተነሳሁና ሰነዘርኩት። ጭንቅላቱን ነበር ያልኩት፣ ዘወር ሲል ትከሻውን አገኘሁት። እንደ በሬ አጓራ። ብረቱን ነጥቆ ወንዙ ውስጥ ወረወረው፣ በሁለት እጁ አንገቴን አንቆ ከመኪናዋ ጎን ጋር አላተመኝ። ጀርባዬ ከጭነቱ ሥር ያለውን የባትሪ ሳጥን ጓ! አደረገው።

ሬዲዮው ዘመረ።

ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። ከጋቢናው ውስጥ ሬዲዮው ምንም እንዳልተፈጠረ ሌላ መዝሙር ይዞ ይቀጥላል። ነገሩ ገባኝ። እሱም ገባው፣ ዓይኑ ላይ አየሁት። ታዲያ እጁን ከአንገቴ ላይ ያነሳ መሰለህ? ሳብ አደረገኝና እንደገና አላተመኝ። መዝሙሩ ተቋረጠ። ደገመኝ። ዘመረ። የፊተኛው የንዴት ነበር፣ የኋለኞቹ ግን የፍተሻ ናቸው። ሰው እንዴት የወንድሙን ጀርባ መዶሻ ያደርጋል?

"እዚህ ጋ ነው" አለና ለቀቀኝ። ድምፁ ረጋ ብሎ ነበር።

ተንፏቅቄ ከሥሯ ገባሁ። ከጆንያዎቹ የሚንጠባጠበው የእሸት ጭማቂ በሳንቃው ስንጥቅ እየወረደ፣ ልክ የባትሪው ገመድ ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ የብረት አጥንት ጋር በብሎን የታሰረበት ላይ ይፈሳል። ስንት ዓመት ፈስሷል! ብሎኑ ዝጓል፣ በላዩ ጥቁር ሙጫ የመሰለ ነገር ተጋግሮበታል፣ ጣፋጭ ስለሆነ ጉንዳን ወሮታል። ገመዱ በጣት ሲነኩት ይወዛወዛል፤ ሲገጥም መብራት አለ፣ ሲላቀቅ የለም። እሸት ስንጭን የምትታመመው፣ እሸት ሲያልቅ የምትድነው በዚህ ነበር። ቁልቁለት ላይም የሚያስነሳት መንቀጥቀጡ ነው፤ ገመዱን መልሶ ያገጥመዋል። ብሎኑን ፈታሁ፣ በቢላ ፋቅሁት፣ እስኪያቅተኝ አጥብቄ አሰርኩት። ቁልፉን ስጠመዝዝ እዚያው ድልድይ ላይ፣ ሳትገፋ፣ በአንዴ ተነሳች።

ይቅርታ ጠበቅኩ። ወላ ሃንቲ! "ንዳ፣ እሸቱ ይቦካል" ብሎኝ ሞተር ሳይክሉን አነሳ። ነዳሁ። ሽማግሌው ጋቢና ገብተው መንገዱን ሙሉ ክንዴን ይዘውኝ ነበር። እሸቱ ሳይሞቅ ደረሰ።

አመሻሽ ላይ ቤት ስንገባ እናታችን አፌን አየች። "ምን ሆነህ ነው ልጄ?" ብላ ጮኸች። ወንድሜ ቀደመኝ።

"የመኪናዋ በር መታው" አለ።

ወደ እኔ ዞረች። "እውነት ነው?"

አየሁት። ወንድሜ ስንደርስ የተቀበለኝን የመኪናዋን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። አፌ በደም ተሞልቶ፣ "አዎ እማዬ፣ በሩ ነው" አልኩ። በዚያ የእሸት ወቅት የዋሸሁት ያን ብቻ ነው። እሱም በደህናው እጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠ። "ጎበዝ" አለኝ፤ "ነገ በጠዋት ተነስ።"