ቀይ ክር የታሰረበት ምሳ ዕቃ

ሸዋነሽ ሱሉልታ ውስጥ ወተት ትሸጣለች፤ ወሬውን ደግሞ በምርቃት ትሰጣለች። ማን ማንን እንዳጨ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ለማወቅ እሷ ዘንድ ወተት መግዛት ይበቃል። ጦርነቱ በበረታበት ዓመት ግን አንድ ወሬ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ፤ ለእናቷ እንኳ አልተነፈሰችም። ዛሬ ባሏ ቤቱ ተቀምጦ ጥጃ ስለሚያስር ነገሩ ይነገራል።

ባሏ መምህር ያደታ በስብሰባ መሀል እጁን አውጥቶ፣ «ይኼ ጦርነት መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን ሳይሰማ ቡራዩ አጠገብ ካለ ማቆያ ገባ። መጎብኘት ክልክል፣ ስንቅ ብቻ የተፈቀደ። ሸዋነሽ በየማለዳው ምግቡን በስሙ ታስገባለች፤ የትናንቱን ባዶ ምሳ ዕቃ በር ላይ ከተከመረው ለይታ ትወስዳለች። በክዳኑ ጎማ ሥር ያደታ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ በእርሳስ የጻፈው ደብዳቤ ተጠቅልሎ ይመጣል። ዕቃው እንዳይምታታባት እጀታው ላይ ቀይ ክር አስራለች። ይህን ብልሃት ሌላ ሰው ያስበዋል ብላ አልጠረጠረችም።

ሁዳዴ ሊጋመስ ሲል አንድ ቀን ቤቷ ገብታ ክዳኑን ብትከፍት ሥጋ ሥጋ ሸተታት።

ሽሮ የላከችለት ሰውዬ በጾም ሥጋ በልቷል። በሁለት ታክሲ ተጋፍቼ የማደርስለት ለዚህ ነው እያለች ተንጨረጨረች። ጎማውን ፈልቅቃ ወረቀቱን ስትዘረጋ ደግሞ «ጨረቃዬ» ይላል። ያደታ «ሸዋዬ» እንኳ የሚላት ሲታመም ብቻ ነው። ቀጥሎ፣ «ሳምቡሳሽ ለማፍጠሪያ ደረሰልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ያንቺው ከድሩ» ይላል።

ይኼኔ ነገሩ ገባት። የሰው ዕቃ ወስዳለች፤ የእሷው ደግሞ ሰው ቤት ነው። ያደታ እርሳስ የሚያቀብለውን ጠባቂ በስሙ ጽፎ የሚያመሰግን የዋህ ነው። ዕቃውን የወሰደችው ሴት አፏን ከከፈተች ጠባቂውም ስንቁም ደብዳቤውም አበቃ። ወሬ የያዘች ሴት አፏን ለስንት ጊዜ መዝጋት እንደምትችል ደግሞ ሸዋነሽ ከራሷ ታውቃለች።

በማግስቱ ሰልፉ ላይ ጮክ ብላ መጠየቅ አልቻለችም። ስለዚህ ሰው የምትፈልግ መስላ ከሴት ወደ ሴት እያሸተተች ሄደች።

«ምን ታነፈንፊያለሽ እህቴ?» አለቻት አንዲት ሂጃብ የለበሰች ሴት።

«ሳምቡሳሽ ሸቶኝ ነው።»

«አንቺ ጾመኛ አይደለሽ እንዴ?»

«አንቺስ?»

ሴትየዋ የሸዋነሽን ቀይ ክር አየች፤ ከዚያ የራሷን። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ላሟ ወለደች?» አለች። ያደታ በየደብዳቤው ከሰላምታም አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር።

«ወለደች። ጨረቃዬ የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«ሃዋ እባላለሁ» አለች ሴትየዋ፣ ሳቋን በሂጃቧ እያፈነች።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ? ያንቺን ባወራ የኔስ አይጎተትም?»

ሸዋነሽ ተነፈሰች። ተቃቅፈው ተሳሳሙ። ገና መተዋወቃቸው ነው፤ አሳሳማቸው ግን ከአረብ አገር የተመለሰ ዘመድ የሚቀበሉ ይመስላል። ጉንጭ ሲለዋወጡ ወረቀቶቹ ከመዳፍ ወደ መዳፍ አለፉ።

«ሰልፉን አትያዙ እንጂ» አለ በረኛው።

«እህቴ ናት» አለች ሸዋነሽ።

«እህትሽ? በየት በኩል?»

«አባታችን መንገደኛ ነበር» አለችው ሃዋ።

ባዶው ዕቃ ሲወጣ ሁለቱ የየራሳቸውን አንስተው ጥግ ያዙና ጥፍራቸውን ጎማው ሥር ሰደዱ። ሃዋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ቀና ብትል፣ ያ ሁሉ ሴት፣ ወራት ሙሉ አብሮ ሲያወራ የከረመው፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ክዳን ይጎረጉራል። ከሰበታ የሚመጡት ባልቴት እንደሚያዩአቸው ሲያውቁ እጃቸውን ሳያወጡ ገላመጧቸው።

«ምን ታፈጣላችሁ? ታጥቦ እንደሆነ እያየሁ ነው።»

«እኛም እማማ» አለች ሸዋነሽ።