ማደያ ሰልፍ ላይ ሆኖ አንበሳ መከታተል

አንበሳ የሚከታተል ሰው ጫካ የሚውል ይመስላችኋል። እኔ ዘንድሮ የተከታተልኩት ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ማደያ በር ላይ፣ የቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው። ናፍጣ መጣ ይሉናል፣ እንሰለፋለን፤ አለቀ ይሉናል፣ እዚያው እንቀራለን።

ቆላ ባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ብዙ ዘመን ዱካ ተከትያለሁ። ፊደል የቈጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ዱካ ለሚያነብ ሰው ፊደል ቀላል ነው ያሉኝ ነበሩ፤ ውሸት ነው፣ ከብዶኛል። አሁን ዩኒቨርሲቲ ከምታስተምር የጎጃም ልጅ ጋር እሠራለሁ። አንዲት እንስት አንበሳ አንገት ላይ መከታተያ መሣሪያ አስረናል። ያለችበት ቦታ በልጅቷ ላፕቶፕ ላይ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ መንጋውን የምናገኘው በእሷ ነው።

ነጥቡ ቆመ። ጥብቅ ስፍራው ውስጥ ወንዝ ዳር ካለው ገደል ሥር አልነቃነቅ አለ።

«ሞታ ይሆን አቦይ?» አለችኝ። እንደ አገሬው «አባቴ» ለማለት አቦይ ትለኛለች፣ እኔም «ልጄ» ለማለት ጓለይ እላታለሁ።

«ወልዳ ይሆናል። ስትወልድ ከመንጋው ትለያለች።»

«እኔም የምመኘው እሱን ነው። ግን ሳናይ ምን እናውቃለን?»

ለማየት ናፍጣ ያስፈልጋል። ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ሞተር ላለማስነሳት ወርደን የዩኒቨርሲቲውን መኪና እንገፋለን። ከኋላችን ያለው ሹፌር «ዩኒቨርሲቲው ዛሬ በእጅ ነው የሚሄደው!» ብሎ ሳቀብን። «ያንተም ሲኖትራክ አይቀርለትም፣ ክንድህን አዘጋጅ» አልኩት።

እዚያው ሳለን የሚስቴ ወንድም ከቆላ ደወለ፤ ከብት አርቢ ነው። በእነሱ ዘንድ ከብት ወደ ውሃ ከመውረዱ በፊት ዱካ የሚያውቅ ሰው ይጠየቃል። ተጠይቆ ዝም ያለ ጠላት ነው። አንበሳም በስሙ አይጠራም፤ «ሰዎች» ነው የሚባለው።

«እነዚያ ሰዎችህ በወዴት አሉ? ነገ ወደ ወንዝ ላወርድ ነው።»

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ።

«አይነገርም አቦይ! ያለችበትን ለማንም ላንናገር ተስማምተናል እኮ።»

«ዝም ካልኩ ከብቱ እላይዋ ላይ ይሄዳል። አንዲት ጊደር ከነካች መርዝ ነው የሚያበሏት።»

«እርስዎ ከተናገሩስ? ሄደው ቢገድሏትስ?»

እጄን ከስልኩ አነሳሁ። «በላይኛው መውረጃ ተጠቀሙ» አልኩት። ቦታዋን አልተናገርኩም ለማለት ነው። እሱ ግን ቂል አይደለም፤ መውረጃው ላይኛውና ታችኛው ብቻ ነው። «ገባኝ» ብሎ ዘጋ።

በነጋታው እዚያው ሰልፍ ላይ ሳለን ነጥቡ ተንቀሳቀሰ።

«አለች! አቦይ፣ በሕይወት አለች!»

የሄደችበትን መስመር በጣቷ ተከተለች። አንበሳዋ ከጠዋት ጀምሮ ሜዳውን ሰንጥቃ ከጥብቅ ስፍራው ጫፍ ደርሳለች። ደቦል የያዘች እናት እንዲህ አትሄድም። ልጅቷም ይህን ታውቃለች።

ለሚስቴ ወንድም ደወልኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም።» ደግሜ ደወልኩ፣ ያው። አባርሯት ይሁን፣ የባሰ ነገር ሠርቶ ይሁን፣ መጀመሪያውኑ ደቦል ይኑራት አይኑራት፣ ማን ይንገረኝ? ናፍጣው ትናንት ቢገኝ ኖሮ በዓይናችን አይተን እንመልስለት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተራችን ደረሰ። ሲቀዳልን «ወዴት ነው፣ ወደ እሷ ወይስ ወደ ገደሉ?» አልኳት።

«ወደ ገደሉ» አለችና መሪውን ያዘች።

ወደ እሷ ብትለኝ ደስ ባለኝ፤ ገደሉ ሥር የሞቱ ደቦሎች እንዳናገኝ ፈርቻለሁ። ገብቼ በሩን ዘጋሁት።