ቢላ ያየ ጉሮሮ

ልጄ ምህረት ባለፈው ሰኞ ከጀርመን ደወለችና «እማዬ፣ እንዳትደነግጪ» አለችኝ። እንዳትደነግጪ ተብሎ ያልደነገጠ ማን አለ? ሲግናል ሰፈር ካለው ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላውን አስቀመጥኩት። ጉሮሮዋ ውስጥ፣ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ፣ ትንሽ እብጠት ተገኝቷል፤ ሐኪሙ ይቆረጣል ብሏል። «ቀላል ነገር ነው፣ ብዙ ዘፋኞች ያስደርጉታል። ከአሁን ጀምሮ ግን መናገር ክልክል ነው» ብላ ዘጋች።

ምህረት የኦፔራ ዘፋኝ ናት። ኦፔራ ምን እንደሆነ ያወቅሁት በሷ ነው፤ ንግግሩ ሁሉ በዜማ የሆነ ቲያትር ነው። ያ ሁሉ ቫዮሊንና ጥሩምባ እያስገመገመ፣ ልጄ ያለ ማይክራፎን በባዶ ጉሮሮዋ ከሁሉም በላይ ትሰማለች። ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ተነስታ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች፤ ከዚያ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ጀርመን ሄደች። መጀመሪያ ከኋላ ከሚቆሙት ጋር ነበረች፤ ቀጥሎ ለብቻዋ ሁለት ስንኝ ሰጧት፤ ዘንድሮ ዋናዋን ሴት ሆና እንድትጫወት መረጧት። ይህ ሁሉ ነገር ያለው አንዲት ጉሮሮ ውስጥ ነው። ጉሮሮን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ።

ልጅነቴ ቀበና ነው። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ከእናቴ ጋር እንጦጦ ቅጠል እየለቀምን እንሸጥ ነበር። በደርግ ጊዜ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ነበረው፤ ሸክሜን አውርጄ ወደ አዳራሹ እሮጣለሁ። አለቃችን ጋሽ ታምሩ አኮርዲዮን ይጫወታል። አንድ ቀን ዜማውን ከፍ ሲያደርግ በድምፄ ከፍ እያልኩ፣ ሲጨምር እየጨመርኩ ሄድን ሄድንና ጣቱ ከአኮርዲዮኑ ጫፍ ደርሶ አለቀበት።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ጨረስኩ እኮ! አንቺ ገና ነሽ?»

«ጋሼ፣ እሷ እንጦጦ ላይ ስትጣራ ቀበና ላይ ነው አቤት የሚሏት» አለች ጓደኛዬ አስቴር። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

በነሐሴ፣ አንዲት የሙዚቃ አስተማሪ ለትምህርት ቤቷ ልጅ ልትመርጥ እሁድ እንደምትመጣ ጋሽ ታምሩ ነገረኝ። በዚያው ሳምንት ዝናብ የጠጣ ቅጠል ተሸክሜ ወረድኩና ጉሮሮዬ አበጠ። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፤ አልሻል አለኝ።

«እንጥልሽ ወርዷል» አለች አፌን በፋኖስ አይታ። «ድምፅሽን የሚያንቀው እሱ ነው። ይቆረጥና ይለቀቅልሽ።»

«ጋሽ ታምሩ ሙቅ ውሃ ጠጪና ዝም በይ ብሎኛል።»

«ታምሩ ልጅ አሳድጎ ያውቃል?»

በኛ ሰፈር እንጥል ማስቆረጥ እንደ ክትባት ነበር፤ ያላስቆረጠች እናት ትታማለች። እኔ ሕፃን ሳለሁ ታምሜ ስለነበር ሳይቆረጥልኝ ቀርቷል። ድምፅሽ ይለቀቃል ስትለኝም አመንኳት። በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ጭቃውን እየረገጥን፣ በጉም ውስጥ ዳገቱን ወደ እንጥል ቆራጩ ቤት ወጣን። በነጠላዋ ጫፍ የሽምብራ ቆሎ ቋጥራልኝ ነበር፤ መዋጥ ስላልቻልኩ ጨው ጨውነቱን ብቻ ምጥጥ አድርጌ ተፋሁት። የባሕር ዛፉ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ቆራጩ ሽማግሌ አፌን አየና «ሴትዮ፣ ልጅቷ እኮ ትልቅ ሆናለች» አለ።

«ባለ ድምፅ ናት አባቴ። ጥሩ አድርገው ያጽዱልኝ።»

«እንግዲያውስ ከሥሩ ነው የማነሳው፣ እንዳይመለስ።»

እናቴ ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሃል ያዘች። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ደሜን ነው፤ ሙቀቱን።

እሁድ በትኩሳት አለፈ። ስድን፣ የምጠጣው ውሃ በአፍንጫዬ ይመለስ ጀመር፤ ድምፄም እንደዚያው። ጋሽ ታምሩ አኮርዲዮኑን አንግቦ ቤታችን መጣና «እስቲ አንዴ» አለኝ። አንዴ ሞከርኩ። «ይበቃል፣ እረፊ» ብሎ የአኮርዲዮኑን ማሰሪያ ቆለፈ። እናቴ ተልባ በጥብጣ ሰጠችው፤ ቆሞ ጠጣና ሄደ። እስክትሞት ድረስ «የልጄን ድምፅ ዓይን በላው» እያለች ታለቅስ ነበር። ቢላው ነው አላልኳትም።

ለምህረትም ነግሬያት አላውቅም። ስታድግ እናቷ በአፍንጫዋ የምታወራ ሴት ናት፤ በቃ። ሆስፒታል ሌላ ነው፣ ሐኪሙ መብራትና መሣሪያ አለው ይሉኛል። አውቃለሁ። እናቴም ሽማግሌውን ታውቀው ነበር፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የቆረጠ እሱ ነው።

አሁን ማታ ማታ ትደውላለች። እኔ አወራለሁ፤ እሷ ስልኩን በጥፍሯ ትመታለች፤ አንድ ጊዜ አዎ፣ ሁለት ጊዜ አይደለም።

«በላሽ?» አልኳት ትናንት።

ቋ።

«ነገ ነው አይደል?»

ቋ።

«ፈራሽ እንዴ የኔ እናት?»

ቋ ቋ። ዋሸችኝ።

«ልዝጋውና ትተኛለሽ?»

ቋ ቋ።

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ፣ ልዝፈንልሽ?» አልኳት ለቀልድ።

ቋ።

ጋሽ ታምሩ አኮርዲዮኑን ከቆለፈ ወዲህ ዘፍኜ አላውቅም። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ያው በአፍንጫ የሚያመልጠው ነፋስ ነበር። ልጄ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከቀዶ ጥገና ወጥታለች፤ ደህና ናት ብለው ጓደኞቿ ጻፉልኝ። እስክትናገር ገና ጊዜ አለው። ጸሎቴ እንድትናገር ነው፤ ቀኑ እንዳይደርስም እፈልጋለሁ። ስልኩ ጠርቶ «እማዬ» ስትለኝ ይህንኑ በአፍንጫ የሚያመልጥ የራሴን ድምፅ የምሰማ እየመሰለኝ ተቀምጫለሁ።